ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ላይ የሚሰማው የሸክላ ድምፅ የማን ነው? ዲጄ የላቸውም እኮ!

ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ፦

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ከረዘመባችሁ ዝለሉት።

እኔ እንደ ብዙ ሰው ራፕና ሜታል የተቀላቀለበት ሙዚቃ ውስጥ የገባሁት በሊንኪን ፓርክ ነው። በቀደም የአክስቴ ልጅ አንድ ፍላሽ ሰጠኝ። ውስጡ ያለው ዘፈን ብዛቱ አይጣል ነው፣ ግን ግማሹ ስም የለውም፣ ትራክ 01፣ ትራክ 02 ብቻ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እሱን እሰማለሁ። ሰልፉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አንድ አልበም ሙሉ ሰምተህ ስትጨርስ ከፊትህ አሥር ሰው እንኳ አልተቀነሰም። አንድ ቀን እንደዚሁ ቆሜ ትራክ 07 መጣ። ጊታሩ ከነቤዙ ከነድራሙ ባንዴ ወረደብኝ። ሰውዬው አይዘፍንም፣ ይፎክራል። የሚለው ነገር ግማሹ አልገባኝም፣ ግን በጣም እንደተቆጣ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ከፊቴ የተሰለፉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ለካ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ነው።

መሃል ላይ ያ ድምፅ መጣ። ዲጄ ሸክላውን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ ሲፈትገው የሚወጣው፣ ዊኪ ዊኪ ቺኪ የሚለው። ሊንኪን ፓርክ ውስጥ ይሄ የጆ ሃን ሥራ ነው፣ ሸክላ ማጫወቻው ጋ የሚቆመው እሱ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ስፈልግ ዘፈኑ ቡልስ ኦን ፓሬድ የሚባል ሆኖ አገኘሁት፣ ባንዱ ደግሞ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን (“ቁጣ በማሽኑ ላይ” እንደማለት ነው)። አባላቱን አየሁ። ድምፃዊ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። አለቀ። ዲጄ የለም! ታዲያ ሸክላውን ማን ነው የሚፈትገው? ሰው ቀጥረው ነው? በኮምፒውተር ነው?

የምጠይቀው እንዲሁ ለወሬ አይደለም። እኔም ጊታር አለኝ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ያገለገለ፣ የፋብሪካው ስም ተፍቆ የጠፋ። ሁለት ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ዕቃ)፣ አንድ የድምፅ ቁልፍ፣ አንድ የቶን ቁልፍ፣ የፒካፕ መቀየሪያም አለው። ማጉያዋ የጫማ ካርቶን ብታክል ነው። ከታች 3ኛ ፎቅ ያሉት እናት ባለፈው ደረጃ ላይ አግኝተውኝ “ልጄ፣ ትናንት ማታ የሰማሁት አንተን ነው ጅቡን?” አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን አልገባኝም። እዚህ ደግሞ ጅቡም የምር አለ።

ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የምታውቁ ንገሩኝ። ባንዱ አሁን አለ ወይ? ከየትኛው አልበም ልጀምር?


የኮተቤው_ካሴት፦

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ድምፁ የጊታር ነው። አልቀጠሩም፣ ኮምፒውተርም የለም። እንዴት እንደሚያወጣው ጊታር የሚጫወቱት ይንገሩህ፣ እኔ ሰሚ ብቻ ነኝ። ግን እንዳንተ የጠየቀ ብዙ ሰው እንደሚመጣ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያው አልበማቸው ላይ በጽሑፍ አስፍረውታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሳምፕል (ከሌላ ሥራ ተቆርጦ የሚገባ ድምፅ)፣ ኪቦርድም ሆነ ሲንተሳይዘር አልገባም ይላል።

ይሄን ያነበብኩት ካሴቱ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ የመጣ ካሴት ነበር፣ ኮተቤ ገና ስንዴና ጤፍ የሚታጨድበት ጊዜ። ሽፋኑ ላይ አንድ መነኩሴ መንገድ መሃል እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ በእሳት ይነዳል። አይንቀሳቀስም። እናቴ አየችውና በስመ አብ ብላ አማትባ ካሴቱን በፊቱ ደፋችው። በመጣሁ ቁጥር ተደፍቶ ነው የማገኘው፣ እኔ አገለብጠዋለሁ፣ እሷ ትደፋዋለች። መነኩሴው ማን እንደሆነ ያወቅኩት ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ነው። ቲክ ኳንግ ዱክ ይባላሉ፣ የቬትናም የቡድሃ መነኩሴ ናቸው፣ የደቡብ ቬትናሙ ፕሬዚዳንት የዲየም መንግሥት በቡድሂስቶች ላይ የሚያደርሰውን በደል ተቃውመው 1963 ሳይጎን ከተማ ራሳቸውን ያቃጠሉ። ፎቶውን ያነሳው ማልኮም ብራውን የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና “ታዲያ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ነበር” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሴቱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። የሚያጫውተው ቴፕ ግን ያኔ ሞቷል።

አሁን ታሪኩ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 1991 ሎስ አንጀለስ ተመሠረቱ። ዛክ ዴ ላ ሮቻ ድምፅ፣ ቶም ሞሬሎ ጊታር፣ ቲም ኮመርፎርድ ቤዝ፣ ብራድ ዊልክ ድራም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነዚሁ አራቱ ናቸው፣ አንድ ሰው አልቀየሩም። ውል ሳይፈርሙ በፊት 12 ዘፈን ያለበት ካሴት ራሳቸው አሳትመው በየኮንሰርታቸው ይሸጡ ነበር። ሽፋኑ ከጋዜጣ የተወሰደ የአክሲዮን ዋጋ ገጽ ነው። ላዩ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት ተለጥፎበታል። የምር ክብሪት። ማብራሪያ የሚፈልግ አለ?

በባንዱ ስም የተጠራው አልበም 1992 መጨረሻ ላይ ወጣ። ከሱ ጀምር፣ ሌላ የሚልህን አትስማ። 1996 ላይ ኢቭል ኢምፓየር መጣ፣ አንተን ሰልፍ ላይ ያስነቀነቀህ ዘፈን ያለው እሱ ላይ ነው። 1999 ደግሞ ዘ ባትል ኦፍ ሎስ አንጀለስ። ሁለቱም ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነው ነው የገቡት። 2000 ላይ የሌሎችን ዘፈን በራሳቸው አጨዋወት የሠሩበት ሬኔጌድስ ወጣ፣ እሱ ሲወጣ ግን ዛክ ባንዱን ለቆ ነበር። አራት የስቱዲዮ አልበም። ይኼው ነው ሥራቸው በሙሉ፣ ሌላ ስትፈልግ አትድከም።

ከዚያ ሦስቱ ክሪስ ኮርኔልን ይዘው ኦዲዮስሌቭ ሆኑ። ጥሩ ባንድ ነው፣ ግን ሌላ ባንድ ነው፣ ኮርኔል ይዘፍናል እንጂ አይፎክርም። 2007 ላይ አራቱ ተመልሰው ኮቼላ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። አዲስ አልበም ግን የለም፣ መድረክ ብቻ። ለ2020 የታሰበው ዙር በኮሮና ተገፍቶ 2022 ላይ ተጀመረ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቺካጎ ላይ ዛክ እግሩን ተጎዳ፣ የተረከዝ ጅማቱ ነው የተበጠሰው። ሰውዬው አላቆመም። ሳጥን ላይ ተቀምጦ የአሜሪካውን ዙር ጨረሰ። እስቲ ቪዲዮውን ፈልገህ እይ፣ እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ከወገቡ በላይ እንዴት እንደሚያብድ። የቀረው ዙር ተሰረዘ። 2023 የሮክ ኤንድ ሮል ዝና አዳራሽ ሲያስገባቸው ከአራቱ የተገኘው ሞሬሎ ብቻ ነበር። 2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ድራመሩ ከእንግዲህ መድረክ ላይ አብረን አንወጣም ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ የሉም ነው። ቀብሩ ግን ብዙ ጊዜ ተወርቶ ብዙ ጊዜ የተነሱ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚህን ሰዎች በዘፈን ብቻ አትመዝናቸው፣ ዝም ሲሉም ያስቸግራሉ። 1993 ፊላደልፊያ ሎላፓሉዛ የሚባል ፌስቲቫል ላይ አራቱም እርቃናቸውን ወጡ፣ አፋቸውን በፕላስተር አሽገው፣ በየደረታቸው አንድ አንድ ፊደል ተጽፎ። አራቱ ፊደላት ሲገጣጠሙ ዘፈን ካልተቆጣጠርን ይሉ የነበሩት የአሜሪካ ወላጆች ማኅበር ምህጻር ነው። ማጉያው እየጮኸ እነሱ 14 ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው ቆሙ። አንድም ዘፈን የለም። ሕዝቡ መጀመሪያ ጨፈረ፣ በኋላ መሳደብ ጀመረ። ገንዘቡን ከፍሎ ነዋ የገባው! እኔ ብሆንም እሳደብ ነበር።


የሰበታው_ጊታር፦

ጋሼ ታሪኩን ጨርሰውታል፣ እኔ ወደ ሽቦው ልግባ። (ሰበታ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ እጫወታለሁ፣ ስለዚህ በሙያዬ የሎጋው ሽቦ ጊታሪስት ነኝ፣ ሬጅን የምጫወተው ቤቴ ብቻ ነው።)

ነገሩ ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ ነው የሚያናድደው። የሞሬሎ ጊታር ላይ ሁለት ፒካፕ አለ፣ ለየራሳቸው የድምፅ ቁልፍ አላቸው። አንዱን እስከ መጨረሻ ይከፍተዋል። ሌላውን ዜሮ ያደርገዋል። አሁን መቀየሪያው ወደ አንዱ ሲሄድ ድምፅ አለ፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ጭጭ። በቃ መቀየሪያው የቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳይጫን፣ ይፈትጋቸዋል። በቀኙ መቀየሪያውን ይቀጠቅጠዋል። እግሩ ዋዋ ፔዳል (ድምፁን ዋ ዋ የሚያሰኘው በእግር የሚረገጥ ዕቃ) ላይ ነው። ክሩ ሲፈተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ እየተቆራረጠ ሲወጣ ጆሮህ ሸክላ ነው ይልሃል። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም፣ ቪዲዮውን አዘግይቼ ነው ያየሁት።

ያንተ ጊታር ላይ ግን እንዲሁ አይሠራም፣ ምክንያቱም አንድ የድምፅ ቁልፍ ለሁለቱ ፒካፕ ነው ያለህ፣ ዜሮ ካደረግከው ሁለቱም ይሞታሉ። መላው ይኸውልህ። የበር ደወል መጫኛ ታውቃለህ? ያ በር ላይ የሚለጠፈው። እሱን ፈልግ። ማጉያውን ነቅለህ የጊታሩን ጃክ ብትፈታው ሁለት ሽቦ ታገኛለህ፣ አንዱ ድምፁን ይዞ የሚወጣው፣ ሌላው ግራውንድ። መጫኛውን በሁለቱ መሃል ታስበይደዋለህ። ስትጫነው ሁለቱ ይነካካሉ፣ ድምፁ ይሞታል። ስትለቀው ይመለሳል። ካውያ ያለው ማንኛውም ቴሌቪዥን ጠጋኝ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለ መንዘር አትስጋ፣ ከጊታር ክር የሚወጣው ኤሌክትሪክ ትንኝ አይገድልም።

ሌላው ሲሶ ነገሩ ቅኝቱ ነው። ስድስተኛውን ክር፣ ወፍራሙን፣ አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደው። ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም የሚባለው ዘፈናቸው እንደዚያ ነው የተሠራው። ያኔ ወፍራሞቹን ሦስት ክር በአንድ ጣት ብቻ ብትጫን ሙሉ ኮርድ ይሰጥሃል፣ ጣትህን እያንሸራተትክ ትሄዳለህ። እንደኛ ልጆች ጣቱ ገና ላልፈታ ሰው ዕንቁ ነው። ደግሞ ልብ በል፣ ከሪፎቻቸው (እየተደጋገመ ከሚመጣው አጭር የጊታር ዜማ ማለቴ ነው) ብዙዎቹ ከአምስት ድምፅ አይወጡም። ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። እኛ ባቲ ማይነር ብለን የምንጫወተው ያው አምስቱ ድምፅ ነው። ትሰማዋለህ እኮ፣ ጩኸቱን ቀንሰህ ሪፉን ለብቻው ቀስ ብለህ በክራር ብትመታው የሠርግ ሰው እጁን ያወጣል። እኔ አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ በእስክስታው መሃል አንዱን ሪፍ አስገብቼዋለሁ። የነቃብኝ ድራመሩ ብቻ ነው፣ ዱላውን ሊወረውርብኝ ነበር።

ሶሎዎቹ ላይ ደግሞ ዋሚ የሚባል ፔዳል አለ። እግርህን ስትጫን ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ስትለቅ ይወርዳል። አዝማሪ ማሲንቆው ላይ ጣቱን እያንሸራተተ እንደሚያስለቅሳት፣ እሱ በእግሩ ነው የሚያስለቅሳት። አንዳንዴ እንዲያውም ገመዱን ከጊታሩ ነቅሎ ጫፉን በእጁ መዳፍ እየነካካ ያንን ጫጫታ ሙዚቃ ያደርገዋል።

“ዕቃዬ ርካሽ ነው” ብለህ እንዳትሸማቀቅ ይሄን ልንገርህ። ሞሬሎ ጊታሩን ሲያሠራው ያሰበው ዕቃ አልነበረም የመጣለት። አልወደደውም። አንገቱን ቀየረ፣ ፒካፑን ቀየረ፣ ድልድዩን ቀየረ፣ ዓመታት ሲቀያይር ኖሮ ከመጀመሪያው የቀረው የእንጨቱ አካል ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ደከመውና በቃ ከእንግዲህ ድምፅ አላሳድድም፣ ባለኝ ዕቃ እሠራለሁ አለ። ባለው ዕቃ የሠራውን ነው አንተ ሰልፍ ላይ የሰማኸው። ሃርቫርድ ሲማር በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ይለማመድ እንደነበርም አትርሳ። እሷን ክፍል ሁሉም ይዘላታል።

በነገራችን ላይ አባቱ ኬንያዊ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ኬንያን የወከሉ ዲፕሎማት ነበሩ። ልጁን ያሳደገችው ግን እናቱ ብቻዋን ናት፣ ኢሊኖይ ውስጥ ነጭ ብቻ በሚኖርበት ትንሽ ከተማ፣ አስተማሪ ነበረች። ሞያሌ ማዶ ማለት እኮ ነው፣ ሩቅ አይደለም።


ፀጥታ_ወዳድ፦

ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምን? ጥላሁንን አትሰሙም?


የሰበታው_ጊታር፦

ጥላሁንን ቅዳሜ አራት ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። አሁን ሰኞ ነው።


ሰሚት_ቤዝ፦

እኔ ቤዝ ነው የምጫወተው፣ ስለ ቤዙ ማንም አንድ ቃል አለመናገሩ የተለመደ ነው፣ አልፌዋለሁ። ወንድሜ፣ ለአንተ የምመክርህ ከጊታሩ በፊት የቤዙንና የድራሙን መቆም ስማ። ኮመርፎርድና ዊልክ ቦታ ይሰጣሉ። ዝም የሚሉበት ቦታ አላቸው። ሞሬሎ የሚቀልደው እነሱ ወለሉን ስለያዙለት ነው። የሌሎቹን ራፕና ሜታል ባንዶች ስትሰማ ወለሉ እንደ ኮንዶሚኒየም ኮርኒስ ይንቀጠቀጣል።

ግን አንድ ነገር ልቆርጥ። ጋሼ ካሴት ክብሪቱን ሲያወሩ ልቤ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ያለውን ግን ዘለሉት። ክብሪት የተለጠፈበትን ካሴት የሸጡት ልጆች ቀጥለው የፈረሙት ከማን ጋር ነው? ኤፒክ ከሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ጋር። ኤፒክ የሶኒ ነው። ሥርዓቱን እየረገሙ ደሞዛቸውን ከሥርዓቱ። ይባስ ብሎ የ2009ን ታሪክ ታውቃላችሁ? እንግሊዝ አገር የገና ሳምንት ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የሚሆነው ሁልጊዜ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸናፊ ነው ብለው ሰዎች ተናደዱ። ባልና ሚስት ሆነው ፌስቡክ ላይ ዘመቻ ከፈቱ፣ ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም የተባለውን የ17 ዓመት ዘፈን ሁላችንም ባንድ ሳምንት እንግዛው ብለው። ከ500 ሺህ በላይ ተሸጠ፣ አንደኛ ሆነ። መጨረሻው አንድ ስድብ ያለበት ዓረፍተ ነገር አሥራ ስድስት ጊዜ የሚደጋገም ዘፈን እኮ ነው፣ በገና! ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ግን የተሸነፈው ልጅም ዘፈኑ የሶኒ ነበር። ማሽኑ ላይ ያመፁት ሰዎች ገንዘብ በግራ ኪስ ገባ፣ ያላመፁት በቀኝ ኪስ። ኪሱ የአንድ ሰው ነው።


የኮተቤው_ካሴት፦

የሰሚቷ እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ አልከራከርም። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከዚያ ሽያጭ የደረሳቸውን ቤት ለሌላቸው ለሚሠራ ድርጅት ሰጡት፣ በዓመቱ ጁን ላይ ደግሞ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ለምስጋና በነፃ ተጫወቱ። ሁለተኛ፣ ሞሬሎ ይሄን ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁሌም አንድ ነው፣ በካፒታሊዝም ውስጥ እየኖርክ መልእክትህ የሚደርሰው በካፒታሊዝም መንገድ ነው ነው የሚለው። ሰበብ ይመስላል። ግን ኤፒክ ባይፈርሙ ያ ካሴት ኮተቤ እናቴ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም ነበር።

ደግሞ የኛም አዝማሪ እኮ ጌታው ግብር ላይ እየበላ ነው ጌታውን የሚሸነቁጠው።


ሰሚት_ቤዝ፦

አዝማሪው በሰም ሸፍኖ ነው የሚሸነቁጠው ጋሼ። ጌታው ሲስቅ ይውልና ማታ ነው የሚገባው። ዛክ ወርቁን ብቻ ነው የሚወረውረው፣ ሰም የሚባል ነገር አያውቅም። ለዚህ ነው እኔ ግጥሙን ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው አዲስ ነገር የማላገኝበት፣ ቤዙን ግን መቶ ጊዜ የምሰማው። ግን ጋሼ፣ ባንዱ ዎል ስትሪት ላይ ያደረገውን አልጻፉትም። እሱን እወድላቸዋለሁ።


የኮተቤው_ካሴት፦

ረሳሁት። ጃንዋሪ 2000 ነው። ማይክል ሙር የሚባለው ዶክመንተሪ ሠሪ ክሊፕ ሊቀርፅላቸው ኒውዮርክ ዎል ስትሪት አወጣቸው፣ ከአክሲዮን ገበያው ፊት ለፊት። ማዶ ያለው የፌደራል ሆል ሕንፃ ደረጃ ላይ ሆነው መጫወት ጀመሩ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ፖሊስ መጣ፣ ግርግር ሆነ፣ በሥራ ቀን በጠራራ ፀሐይ የአክሲዮን ገበያው በሩን ዘጋ። አራት ሰው፣ ሦስት መሣሪያ። ክሊፑ ላይ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታያላችሁ፣ እኔን የሚያስቀኝ እሱ ነው።

ሰም ያልሽውን ግን አስብበታለሁ። ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ፦

ተመልሻለሁ። የዘገየሁት መብራት ስላልነበረ ነው፣ ስልኬም ሞቶ ነበር።

በመጀመሪያ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አልበሙን ከ1992ቱ ጀምሬ እየሰማሁ ነው። ሰሚት_ቤዝ ያልሽኝን አደረግኩ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቤዙን ብቻ ሰማሁ፣ ዝም የሚሉበት ቦታ ያልሽው ገብቶኛል። አሁን ሊንኪን ፓርክ ስሰማ ሁሉም ሰው ባንዴ የሚያወራ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። ይሄ ያንቺ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ የደወሉ ነገር። መጫኛ ለመግዛት ወጥቼ አካባቢው ላይ አጣሁ፣ ከተማ መግባት ሰነፍኩ። ከራሴ በር ላይ ፈታሁት። ታች ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጊታሩን አገላብጦ አየና “ይሄ በር አለው እንዴ?” አለኝ። ሲገባው ግን በጣም ወደደው፣ በየድምፁ መሃል እየተጫነ አሥር ደቂቃ የተባለውን ሰዓት አደረገው።

ማታ ቤት ገብቼ ዋዋ ስለሌለኝ የቶን ቁልፉን በትንሿ ጣቴ እያዞርኩ ክሩን ፈተግኩ፣ ደወሉን ተጫንኩ። ወጣ! ዊኪ ዊኪ ቺኪ። እንደሱ አይደለም፣ የታመመ ሸክላ ነው የሚመስለው፣ ግን ወጣ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። ለካ ከታች ያሉት እናት መጥተው በሬ ላይ ደወል ሲፈልጉ ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሎ አግኝተዋል። አንኳኩተዋል፣ አልሰማሁም። በመጨረሻ በጫማቸው መቱት መሰለኝ፣ እሱን ሰማሁ። ስከፍት “ደወልህን ሰረቁህ እንዴ ልጄ?” አሉኝ። ምን ልበል? ጊታሩን አሳየኋቸው።

ቁጭ አሉ። “እስቲ እኔ ልጫነው” አሉ። እኔ ክሩን ስፈትግ እሳቸው ተጫኑ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ከበሮ እንደለመደ እጅ ነው፣ ለካ ልጅ ሆነው ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመቱ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ ከእኔ የተሻለ ሰዓት አላቸው። ሲወጡ ግን ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳልሰማህ፣ ደወሉንም ለበርህ ግዛ፣ እንግዳ ይመጣል አሉኝ።

አሁን የቀረኝ ዋሚ ፔዳል ነው። ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ታውቃላችሁ?


የሰበታው_ጊታር፦

እኔ አለኝ፣ አይሸጥም። ግን እሁድ ሠርግ የለኝም። ጊታርህን ከነደወሉ ይዘህ ሰበታ ና፣ እንሞክረዋለን።


ቱሉዲምቱ_4ኛፎቅ፦

ከቱሉ ዲምቱ ሰበታ? እመጣለሁ፣ ግን አራቱንም አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰምቼ ጨርሼ ነው የምደርሰው።